«ምን እያለ ነው የሚጮኸው?» የድሮ የሜታል አልበሞች እንደገና ሲሰሙ

ጌዲ ሊ ስሙን ያገኘው ከእናቱ አነጋገር ነው። ወላጆቹ ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፉ የፖላንድ አይሁዶች ናቸው፤ ከጦርነቱ በኋላ ካናዳ ገቡ። በ1953 ቶሮንቶ ለተወለደው ልጃቸው ጋሪ የሚል ስም አወጡለት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እናቱ በፖላንድ ቅላጼያቸው «ጋሪ» ብለው ሲጠሩት ግን ለጓደኞቹ የሚሰማው «ጌዲ» ነበር። በዚያው ቀረ፤ በኋላም በሕግ አስለወጠው። የኛ ልጆች ስም በአስተማሪ አፍ ሲጣመም ነው የለመድነው፤ እዚህ ግን ያሸነፈው የእናት አፍ ነው።

የባንዱ ጊታሪስት አሌክስ ላይፍሰንም ከዩጎዝላቪያ የመጡ ሰዎች ልጅ ነው። ዚቮይኖቪች የሚለውን የቤተሰብ ስሙን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነው ላይፍሰን የተባለው። በኛ አገር ቢሆን ወልደ ሕይወት መሆኑ ነው።

እነዚህ ሰዎች ያሉበት ባንድ ረሽ ይባላል። ሰሞኑን የጉርምስና ዘመኔን የሄቪ ሜታልና የፕሮግሬሲቭ አልበሞች እያወጣሁ እንደገና ስሰማ የጀመርኩት ከነሱ ነው። ሰበቡ 13 ዓመት የሞላው ልጄ ነው፤ ስትሬንጀር ቲንግስ የሚባለውን ፊልም አይቶ ሜታሊካን «አገኘሁ» አለኝ። እኔ በሱ ዕድሜ፣ ገና አዲስ መጤ ሳለሁ፣ እናቴ በሩን ከፍታ «ኧረ ይሄን የሰይጣን ጩኸት ቀንሺው! ለመሆኑ ምን እያለ ነው የሚጮኸው?» ትለኝ ነበር። በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛዬ ዝም ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። አሁን ቃሉን እየሰማሁ ነው።

የረሽ «2112» በ1976 ወጣ። ከሱ በፊት የነበረው አልበም ስላልተሸጠ የሙዚቃ ኩባንያው አጫጭር ዘፈን እንዲሠሩ ይፈልግ ነበር። እነሱ የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ የያዘ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ይዘው መጡ። ግጥሙን የጻፈው በ2020 ያረፈው ድራመሩ ኒል ፐርት ነው። ታሪኩ ካህናት ሁሉን ነገር በሚቆጣጠሩበት የወደፊት ዓለም ውስጥ አንድ ሰው ከፏፏቴ ጀርባ አሮጌ ጊታር ስለማግኘቱ ነው። ደስ ብሎት ይወስድላቸዋል፤ እነሱ ግን አያስፈልገንም ብለው ያጠፉበታል። መጨረሻው ከባድ ሐዘን ነው፤ ሰውየው በገዛ እጁ ይሞታል። ስለዚህ ልጅ ብቻውን ባይሰማው እመርጣለሁ። አብሮ ለመስማት ግን እንደዚህ የሚያነጋግር አልበም ጥቂት ነው። የጌዲ ድምፅ በጣም ቀጭን ነው፤ ያ ዛሬም አልተለወጠም፣ ወይ ትወዱታላችሁ ወይ ታጠፉታላችሁ።

ከዚያ ወደ ምንጩ ሄድኩ፤ በ1970 ወደወጣው የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም። ባንዱ የበርሚንግሃም ፋብሪካ ሰፈር ልጆች ናቸው። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ፣ ያውም ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን፣ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ የተቆረጡት ክር የሚጫኑት የቀኝ እጁ ጣቶች ናቸው። ሙዚቃው አለቀለት ሲባል አለቃው የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አመጣለት፤ ሁለት ጣቶቹ በእሳት ተጎድተው የሚጫወት ትልቅ የጃዝ ጊታሪስት ነው። አዮሚ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ፣ ቆዳ ለጥፎበት፣ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ቀጫጭን ክሮች ገጠመ፤ በኋላም ክሮቹን ከወትሮው አላላቸው። ድምፁ ወረደ፣ ከበደም። ዛሬ ሜታል የምንለው ከባድ ድምፅ ከዚያ የተቆረጠ ጣት ጋር የተያያዘ ነው።

እናቴ «የሰይጣን» ያለችው ነገር እውነትም ስም አለው። የአልበሙ መክፈቻ ዘፈን በሁለት ድምፆች መካከል ባለ አንድ ርቀት ላይ የቆመ ነው፤ አውሮፓውያን ይህን ርቀት ከዲያብሎስ ጋር ያያይዙት ነበር። የሚገርመው ያው ርቀት በኛ አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ አለ። እናቴ ደግሞ አንቺሆዬ ሲመጣ ትከሻዋ አይቆምም! ቃሉም ቢሆን እንደ ስማቸው አያስፈራም። የባሲስቱ ጊዘር በትለር ወላጆች ከአየርላንድ የመጡ ካቶሊኮች ናቸው፤ በ1971 «ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ» ላይ የጻፈው አንዱ ዘፈን በግልጽ ለእምነት የሚከራከር ነው። ዘፋኛቸው ኦዚ ኦዝበርን በሐምሌ 2025 ያረፈው፣ ባደገበት ሰፈር ስታዲየም ከባንዱ ጋር ተሰናብቶ ከዘፈነ 17 ቀን በኋላ ነው።

የልጄ ምርጫ የሜታሊካ «ማስተር ኦቭ ፐፐትስ» ነው፤ በ1986 የወጣ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይጠበቁ ብሎ ከመዘገባቸው ቅጂዎች ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የሜታል አልበም ነው። የተቀዳው ድራመሩ ላርስ ኡልሪክ በልጅነቱ ትቶት በመጣው አገር፣ በዴንማርክ ኮፐንሃገን ነው። ባሲስቱ ክሊፍ በርተን በዚያው ዓመት ስዊድን ውስጥ የባንዱ አውቶቡስ ተገልብጦ በ24 ዓመቱ ሞተ። ዋናው ዘፈን ስለ አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ የሚናገረውም ዕፁ ራሱ ነው፣ ሱሰኛውን እንደ ጌታ እያዘዘ። ይሄን ለልጄ ዘፈኑን አቁሜ አስረዳሁት። ከኔ ስንት ምክር ይልቅ ያ ሳይሻለው አይቀርም። በዚያው ዓመት የወጣውን የስሌየርን «ሬይን ኢን ብለድ» ግን ገና አልሰጠሁትም። መክፈቻው በአውሽቪትስ የነበረውን ሐኪም ጭካኔ ይዘረዝራል፤ ትንሽ ይደግ።

ድሪም ቲያትር «ኢሜጅስ ኤንድ ወርድስ»ን ያወጣው በ1992 ነው። የድራሙ ድምፅ ዘመኑን ያስታውቅበታል፣ ትንሽ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ባሲስቱ ጆን ማያንግ የኮሪያ ስደተኞች ልጅ ነው፤ ከ5 ዓመቱ ጀምሮ ቫዮሊን ሲማር ቆይቶ በ15 ዓመቱ ወደ ባስ ዞረ። (በግድ ፒያኖ የምታስተምሩ ወላጆች፣ እየሰማችሁ ነው?) ምቱ በየመሃሉ ስለሚቀያየር በችክችካ ያደገ አንገት የት እንደሚወርድ ይጠፋዋል። እኔና ልጄ በጣት እየቆጠርን ነው የምንሰማው፤ እሱ ይቀድመኛል።

ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤታችን 20 ደቂቃ ነው፣ ልክ እንደ «2112» አንድ ገጽ። ባለፈው እሑድ ስንመለስ ልጄ ከፈተው፤ እናቴ ከኋላ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ጩኸቱን ዝም ብላ አሳለፈችው። ሰውየው ጊታሩን አግኝቶ ክሮቹን አንድ በአንድ የሚሞክርበት ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ቀና አለች።

«ይሄ ደግሞ ክራር እየቃኘ ነው እንዴ?»

«ጊታር ነው፣ እማማ» አላት ልጄ። «ገና እየተማረ ነው።»