ቀመር የነገን ገበያ ያውቃል? ተረትና እውነታ

እ.ኤ.አ. በ2025 በአዲስ አበባ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን መግዛትና መሸጥ እየተለመደ ሲሄድ "ዋጋውን ቀድሞ የሚያውቅ ቀመር አለን" የሚሉም መምጣታቸው አይቀርም። ቀመር የሚችለውንና የማይችለውን ዛሬ ለይቶ ማወቅ ነገ ገንዘብን ያተርፋል።

ተረት፦ ቀመሩን የሠሩት ሊቃውንት ከሆኑ ኪሳራ የለም።

እውነታ፦ ማይረን ሾልስና ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1997 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሁለቱም ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት በተባለ የአሜሪካ ፈንድ ሸሪክ ነበሩ። ፈንዱ የተራራቁ የቦንድ ዋጋዎች ተመልሰው ይቀራረባሉ በሚል ስሌት ይነግድ ነበር። ከእያንዳንዱ ግብይት የሚገኘው ትርፍ ኢምንት ስለነበር፣ 5 ቢሊዮን ዶላር በማይሞላ የራሱ ገንዘብ ላይ ከ120 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደረ። በኦገስት 1998 ሩሲያ የአገር ውስጥ ዕዳዋን መክፈል አቆመች። ባለሀብቶች ደንግጠው ወደ አስተማማኝ ቦንዶች ሲሸሹ፣ ይቀራረባሉ የተባሉት ዋጋዎች ይባስ ተራራቁ። ፈንዱ በጥቂት ወራት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አጣ። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ አስተባብሮ 14 የፋይናንስ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር ባያዋጡ ኖሮ ጉዳቱ ለሌሎችም በተረፈ ነበር። ዋጋዎቹ ውለው አድረው ቢቀራረቡ እንኳ፣ የተበደረ ሰው ያን ቀን የሚጠብቅበት አቅም የለውም።

ተረት፦ ከባድ የዋጋ ውድቀት በብዙ ሺህ ዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነው።

እውነታ፦ ይህ የሚሆነው ብዙ ሞዴሎች እንደሚገምቱት የዋጋ ለውጥ ከአማካዩ ብዙም የማይርቅ ቢሆን ነበር። የሒሳብ ሊቁ ቤኑዋ ማንደልብሮት ግን እ.ኤ.አ. በ1963 የጥጥ ዋጋን መርምሮ፣ ትልልቅ ዝላዮች ከዚህ ግምት እጅግ በርክተው እንደሚታዩ አሳይቷል። ኦክቶበር 19 ቀን 1987 የአሜሪካ አክሲዮኖች ዋጋ የሚለካበት የዳው ጆንስ መለኪያ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወደቀ፤ በዚያ ግምት ከሄድን እንዲህ ያለው ቀን ፈጽሞ ሊታይ አይገባም ነበር።

ተረት፦ የተሻለ ኮምፒውተር ሲመጣ ገበያም እንደ አየር ሁኔታ ይተነበያል።

እውነታ፦ ደመና ትንበያ ሰምቶ ሐሳቡን አይቀይርም፤ ነጋዴ ግን ይቀይራል። በዚያው በ1987 ብዙ ተቋማት ዋጋ ሲወርድ ሽጡ የሚል አንድ ዓይነት የመከላከያ ስሌት ይከተሉ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ለሽያጭ ሲወጡ ውድቀቱን አባባሱት።

ተረት፦ እንግዲያው ቀመር ከንቱ ነው።

እውነታ፦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የብላክና ሾልስ ቀመር ዛሬም የአክሲዮን መግዣና መሸጫ መብቶችን ዋጋ ለማስላት ያገለግላል። ነገር ግን አክሲዮኑ ወደፊት ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ቀመሩ ራሱ አይናገርም፤ ግምቱን የሚያስገባው ሰው ነው።

ስለዚህ ቀመር ይዞ የሚመጣን ሰው "ምን ያህል አተርፋለሁ?" ከማለት በፊት "ስሌቱ ቢስት ያለ ብድር እስከ መቼ መቆየት እችላለሁ?" ብለን እንጠይቀው።