አሮጌ ድራም ሊያድሱ ነው?

ያገለገለ ድራም ገዝተው ይሆናል፤ ወይም በዕቃ ቤት የተጣለውን “እስቲ አሳምሩት” ተብለው ተረክበው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ከሆነ የብርጭቆ ወረቀት ከማንሳትዎ በፊት ጥቂት ይታገሡ።

እ.ኤ.አ. በ1909 በቺካጎ የተመሠረተው ሉድዊግ በዚያ ዘመን የድራሙን ቀፎ የሚሠራው ስስ እንጨቶችን በሦስት ድርብ አጣብቆ ነበር። ብዙዎቹ ከውጭ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ይለበጣሉ። ሪንጎ ስታር እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲታይ የመታው ድራም እንዲህ ያለ ነበር። ልባጡ ደኅና ከሆነ ምክራችን አጭር ነው፦ አይንኩት! ሰብሳቢዎች ገንዘብ የሚያወጡት ፋብሪካው ለሰጠው መልክ ነው፤ እርስዎ ያሳመሩት መስሎዎት ዋጋውን ሊጥሉት ይችላሉ። ከታች ያለው እንጨትም ሁልጊዜ የሚያምር አይደለም።

ልባጡ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ከድራሙ በፊት ቤተሰብዎን ያስቡ። የዚያ ዘመን ልባጥ ብዙው ሴሉሎይድ ነው፤ የጥንት የሲኒማ ፊልም የተሠራበት ዓይነት፣ እሳት ከነካው በቅጽበት የሚነድ። ስለዚህ በላምባ ችቦ ወይም በከሰል አጠገብ አይሥሩ። ለብ ባለ የፀጉር ማድረቂያ ሙጫውን እያላሉ፣ በስፓቱላ ቀስ ብለው ይላጡት። ሥራው ደጅ ይሁን። ቀፎው ውስጡ ቀለም የተቀባ ከሆነ አይፈግፍጉት። እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት የቤት ቀለም በአሜሪካ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ነገር ሁሉ መጠርጠር አለበት። ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ባለቤትዎ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ ለጽንሱም ያሰጋል። “ትንሽ ብቻ ነው” አይበሉ።

ብረታ ብረቱን ሲፈቱ የየድራሙን ብሎን ለየብቻ ያስቀምጡ። (ካልሆነ ማታውን ሙሉ ብሎን ሲያመሳስሉ ያድራሉ፤ ለቤት ሰላምም አይበጅም።) የተላቀቀውን ድርብ በኮላ አጣብቀው ካደረቁ በኋላ በ150፣ ከዚያም በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትለው ይሞርዱ። በእጅ ይሁን፤ የላይኛው ድርብ ስስ ስለሆነ ማሽን በአንድ አፍታ ይበላዋል። ቆዳው የሚያርፍበትን ጠርዝ ግን አይንኩ። የድራሙ ድምፅ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ጠርዙ ከጎበጠ ድራሙ አይቃኝም።

ቫርኒሹን አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት በስሱ ደጋግሞ መቀባት ይሻላል፤ በየመካከሉ በደንብ ይድረቅ። የተልባ ዘይት ከተጠቀሙ የጠረጉበትን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉ፤ ያለ ክብሪት በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ውኃ ውስጥ ነክረው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያኑሩት።

ቀፎው ለእጅ ደረቅ ቢመስልም ብረቱን ለመግጠም አይቸኩሉ። ጥቂት ቀናት ይቆይ፤ ያልጠነከረ ቫርኒሽ ላይ የታሠረ ብረት ምልክቱን ትቶ ይቀራል።