ቡልጋሪያ የት እንደሆነ

ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ታክሲ ውስጥ ረዳቱን «ቡልጋሪያ የት ነው?» ይለዋል። ረዳቱ «ስንደርስ እነግርሃለሁ» ይላል። ከጎኑ ያለችው ተሳፋሪ ደግሞ «እኔም ቡልጋሪያ የት እንደሆነ አላውቅም» ትላለች። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለውን ሰፈር ማለቷ ነው፤ አገሩንማ ካርታ ላይ አታጣውም።

የሰውየው ንግግር ጥያቄ ነው፤ ራሱን ችሎ ይቆማል። የእሷ «ቡልጋሪያ የት እንደሆነ» ግን ያለ «አላውቅም» አይቆምም። በቦታው «መንገዱን» ብናስገባ «መንገዱን አላውቅም» ይሆናል፤ የስም ወንበር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። የእንግሊዝኛ መምህራን «ናውን ክሎዝ» የሚሉት ይህን ነው፦ ባለቤትና ግስ እያለው የስምን ሥራ የሚሠራ ጥገኛ ዐረፍተ ነገር።

የስም ወንበሮች ብዙ ናቸው። «የተናገረችው እውነት ነው» ስንል ባለቤት ነው፤ «መምጣቷን ሰማሁ» ስንል ተሳቢ፤ «ችግሩ ጊዜ የሌለን መሆኑ ነው» ስንል የ«ነው» ማሟያ። አማርኛ እንደ «መምጣቷ» ያለውን ተሳቢ በ«ን» ያስታውቃል። እንግሊዝኛ «ን» ስለሌለው ከግሱ ቀጥሎ በማስቀመጥ ብቻ ያሳያል።

ተማሪው የሚሰናከለው ግን ሌላ ቦታ ነው። እኛ «የት ነው»ን «የት እንደሆነ» ስናደርግ ምልክቱን መጨረሻ ያለው ግስ ላይ እንለጥፋለን እንጂ ቃላቱን ከቦታቸው አናነሳም። እንግሊዝኛ ያነሳል። ጥያቄው «ዌር ኢዝ ቡልጋሪያ?» ነው፤ ጥገኛ ሲሆን ግን «አይ ዶንት ኖው ዌር ቡልጋሪያ ኢዝ» ይሆናል፣ «ኢዝ» ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ተማሪያችን «ዌር ኢዝ ቡልጋሪያ»ን እንዳለ ይዞት ቢገባ ከስንፍና አልቆጥርበትም፤ የራሱ ቋንቋ እንዲህ ያለ ሽግሽግ አላስለመደውም። «ይምጣ አይምጣ አላውቅም» ለሚለው ደግሞ «ዌዘር» የምትባል ቃል ፊት ላይ ትቆማለች። እንደኔ ቢሆን የባዬ ይማምን «የአማርኛ ሰዋስው» (1987 ዓ.ም.) ያገላበጠ መምህር ይህን ትምህርት ከአማርኛው በኩል ቢጀምረው ይቀለዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የሰው ንግግር ማድረስ ነው። እንግዳው ለጓደኛው ስልክ ደውሎ «ስንደርስ እነግርሃለሁ አለኝ» ይለዋል፤ የረዳቱን ቃል እንዳለ አነሳው፣ ማንም አልተደናገረም። በእንግሊዝኛ ግን «እነግርሃለሁ አለኝ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ «ሂ ሰይድ ዛት ሂ ዉድ ቴል ሚ» ይሆናል። «እኔ» የነበረው «እሱ» ሆነ፤ «አንተ» የነበረው «እኔ» ሆነ፤ የወደፊቱን ጊዜ የሚያሳየው «ዊል»ም ወደ ኃላፊ ጊዜ ተመልሶ «ዉድ» ሆነ።