የሦስት ከተሞች ልጅ፦ ሉክኦይል

ፊላዴልፊያ ወይም ኒው ጀርሲ የሚኖር አንባቢ በቀይ መደብ ላይ የተጻፈውን ሉክኦይል የሚል ስም ነዳጅ ማደያ ላይ ሳያየው አልቀረም። የሩሲያ ድርጅት መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። የስሙ ምንጭ ግን ሩቅ ነው። «ሉክ» የተገኘው ከሦስት ከተሞች የመጀመሪያ ፊደላት ነው፤ ከላንጌፓስ፣ ከኡራይ እና ከኮጋሊም። ሦስቱም በምዕራብ ሳይቤሪያ ይገኛሉ። አገሩ በብርዱ ወራት እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ሲሞቅ ደግሞ መኪና የሚውጥ ረግረግ ይሆናል። ኡራይ አጠገብ፣ ሻይም በተባለው ስፍራ፣ በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ተገኘ። የምዕራብ ሳይቤሪያ የነዳጅ ታሪክ ከዚያ ይጀምራል።

የድርጅቱን ሐሳብ የጠነሰሱት ቫጊት አሌክፔሮቭ ናቸው። በ1950 ባኩ ውስጥ ከነዳጅ ሠራተኛ አባት ተወለዱ። በካስፒያን ባሕር ላይ ሠርተው በ1979 ወደ ሳይቤሪያ አቀኑ፤ ኮጋሊም ላይ የምርት ሥራውን መሩ፤ በ1990 የሶቭየት ኅብረት የነዳጅና ጋዝ ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። በዚያ ሥርዓት ነዳጁን የሚቀዳው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ የሚያጣራው ሌላ፣ የሚሸጠውም ሌላ። ጤፉን ያመረተው ገበሬ ወፍጮ ቤቱንም የእንጀራውን ገበያም እንደማያውቅ ማለት ነው። ትልልቆቹ የምዕራብ ኩባንያዎች ግን ከጉድጓዱ እስከ ማደያው ያለውን ሁሉ በአንድ እጅ ይዘው ነበር። አሌክፔሮቭ ይህንን ለሩሲያ ተመኙ። በኅዳር 1991፣ ሶቭየት ኅብረት ልትፈርስ አንድ ወር ሲቀራት፣ ሦስቱ የሳይቤሪያ አምራቾች እንደ ፔርምና ቮልጎግራድ ካሉ ማጣሪያዎች ጋር በአንድ ጥላ ሥር ገቡ። በ1993 ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ሆነ።

ከዚያ የድርጅቱ ጉዞ ወደ ውጭ ነበር። በ1998 የሩማኒያውን ፔትሮቴል፣ በ1999 ደግሞ በባልካን አገሮች ትልቁን የቡልጋሪያውን ቡርጋስ ማጣሪያ ያዘ። በ2000 ጌቲ የተባለውን የአሜሪካ ማደያ ኩባንያ ወደ 1,300 ከሚጠጉ ማደያዎች ጋር ገዛ። በአሜሪካ ገበያ አክሲዮኑ የሚሸጥ ድርጅትን የገዛ የመጀመሪያው የሩሲያ ኩባንያ ሆነ። በሴፕቴምበር 2003 ፕሬዚዳንት ፑቲን ራሳቸው ማንሃተን ውስጥ በተከፈተ የሉክኦይል ማደያ ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት ኮኖኮፊሊፕስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሩሲያ መንግሥት የሉክኦይልን አክሲዮን ገዛ፤ ድርሻውም እስከ 20 በመቶ አደገ። ያን ጊዜ ሁለቱ አገሮች በነዳጅ የሚዛመዱ ይመስል ነበር። ኮኖኮፊሊፕስ ግን ብዙም ሳይቆይ ድርሻውን ሸጦ ወጣ፤ ጌቲም በ2011 ተሸጠ።

የድርጅቱን ጽናትም ድክመትም ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የኢራቁ ጉዳይ ነው። ከባስራ ሰሜን ምዕራብ ዌስት ቁርና 2 የሚባል ሰፊ የነዳጅ መስክ አለ። ሉክኦይል በ1997 ከሳዳም ሁሴን መንግሥት ጋር ውል ተፈራረመ፤ የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ስላለ ግን ቁፋሮ መጀመር አልቻለም። ሳዳም በ2002 መጨረሻ «ሥራ አልጀመራችሁም» ብሎ ውሉን ሰረዘ። መንግሥቱ ወድቆ አዲስ ሲተካ የቀድሞው ወረቀት አልረባም። ኩባንያው በ2009 እንደማንኛውም ተጫራች ተሰልፎ ከኖርዌዩ ስታቶይል ጋር መስኩን እንደገና አሸነፈ። ያቀረበው ዋጋ በበርሜል 1.15 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ነበር። ነዳጁ የኢራቅ ነበር፤ ኩባንያው የሚያገኘው ወጪውንና ይህንን ክፍያ ብቻ ነበር። ስታቶይል በ2012 ወጣ። ሉክኦይል ብቻውን ገፍቶ በመጋቢት 2014 የመጀመሪያውን ነዳጅ አወጣ፤ በኋላም ምርቱ በቀን ከ400,000 በርሜል በላይ ደረሰ። ከፊርማ እስከ ነዳጅ 17 ዓመት! ይህን ያህል መጠበቅ የቻለ ድርጅት በእኔ እምነት ክብር ይገባዋል።

ትዕግሥት ግን የመንግሥታትን ፖለቲካ አያሸንፍም። ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን ስትወርር የድርጅቱ ቦርድ ግጭቱ ቶሎ በድርድር እንዲቆም በይፋ ጠየቀ። ከትልልቅ የሩሲያ ድርጅቶች ይህን ያለ ብዙ አልነበረም። ብሪታንያ አሌክፔሮቭ ላይ ማዕቀብ ስትጥል እርሳቸው በሚያዝያ የድርጅቱን መሪነት ለቀቁ። በሲሲሊ የነበረው ማጣሪያ በ2023 ተሸጠ። በጥቅምት 2025 ደግሞ ዋናው ምት መጣ፤ አሜሪካ በሉክኦይልና በሌላው የሩሲያ ነዳጅ ኩባንያ በሮስኔፍት ላይ ማዕቀብ ጣለች። ኩባንያው በቀናት ውስጥ የውጭ ንብረቱን እንደሚሸጥ አስታወቀ። ጉንቮር የተባለው ነጋዴ ድርጅት ሊገዛ ቀረበ፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤት «የክሬምሊን አሻንጉሊት» ሲለው ግን ጥያቄውን ተወ። ቡልጋሪያም ለቡርጋስ ልዩ አስተዳዳሪ ለመሾም የሚያስችል ሕግ አወጣች። ሠላሳ ዓመት ገደማ የተገነባው የውጭ ሥራ በጥቂት ሳምንታት ተናጋ።

ወደ ቀዩ ማደያ ልመለስ። ጦርነቱ እንደጀመረ የኒውአርክ ከተማ ምክር ቤት የሉክኦይል ማደያዎች ፈቃድ እንዲታገድ ጠይቆ ነበር። ማደያዎቹን የሚያስተዳድሩት ግን የአካባቢው ነጋዴዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ አሜሪካ በስደት የገቡ አሉበት። ሞስኮ የምትወስነውን ከእነርሱ ጋር አትመክርበትም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የጦርነቱን ጥያቄ ለሚመለከተው አቅርቡ፤ ከቆጣሪው አጠገብ የቆመውን ሰው ግን ሰላም በሉት።