በችኮላ የቀሩ ሁለት መልሶች



ትሪጎኖሜትሪ ብዙዎቻችንን የሚያስፈራ ትምህርት መሆኑ የታወቀ ነው። እኔም አምና ከሚፈሩት አንዱ ነበርሁ። ፍርሃቴ የቀለለልኝ በፈተና ላይ ከሠራሁት ስሕተት የተነሣ ስለ ሆነ፣ ለጓደኞቼ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ በአጭሩ እገልጸዋለሁ።

ጥያቄው፣ «ከ0 ዲግሪ ጀምሮ 360 ዲግሪ ሳይሞላ፣ ሳይን 2ሀ = ሳይን ሀ የሚሆንባቸውን አንግሎች ሁሉ ፈልጉ» የሚል ነበር። አንዱ ወገን ስለ 2ሀ፣ ሌላው ስለ ሀ ስለሚናገር እንዳለ ለመፍታት አይመችም። ሁለቱን የሚያስማማልን አይደንቲቲ ነው፤ ይኸውም አንግሉ ምንም ይሁን ምን ዘወትር እውነት የሆነ እኩልነት ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚያገለግለው፣

ሳይን 2ሀ = 2 × ሳይን ሀ × ኮሳይን ሀ

የሚለው ነው። ስለዚህ ጥያቄው፣

2 × ሳይን ሀ × ኮሳይን ሀ = ሳይን ሀ

ይሆናል።

ሳይን ሀ በሁለቱም ወገን መኖሩን ባየሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ ሁለቱንም በእርሱ አካፈልሁ። ኮሳይን ሀ = 1/2 ሆነልኝ፤ 60 እና 300 ዲግሪ ብዬ ወረቀቴን ከሁሉ አስቀድሜ አስረከብሁ። ያገኘሁት ግን የነጥቡን ግማሽ ብቻ ነበር። መምህራችንን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ያካፈልህበት ዜሮ ቢሆንስ?» አሉኝ። በዜሮ ማካፈል እንደማይቻል ከሕፃንነቴ ጀምሮ ተምሬአለሁ፤ ዜሮው ግን በሳይን ሀ ውስጥ ተሸሽጎ ስለ ነበር አላየሁትም።

ትክክለኛው መንገድ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥቶ የጋራውን ማውጣት ነው፤

ሳይን ሀ × (2 × ኮሳይን ሀ − 1) = 0

ብዜት ዜሮ የሚሆነው ከተባዙት ቢያንስ አንዱ ዜሮ ሲሆን ነው። ሳይን ሀ ዜሮ ሲሆን 0 እና 180 ዲግሪ፣ ኮሳይን ሀ 1/2 ሲሆን 60 እና 300 ዲግሪ ይገኛሉ። መልሶቹ አራት ናቸው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተትም አለ። ሳይን ሀ + ኮሳይን ሀ = 1 የሚለውን ለመፍታት እያንዳንዱን ወገን በራሱ ብናባዛ፣ የሳይን ካሬና የኮሳይን ካሬ ድምር ምንጊዜም 1 ስለ ሆነ፣ 2 × ሳይን ሀ × ኮሳይን ሀ = 0 ይቀራል። ከዚህም 0፣ 90፣ 180 እና 270 ዲግሪ ይወጣሉ። በመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ ብንተካቸው ግን 180 እና 270 የሚሰጡት −1 ስለ ሆነ ይጣላሉ።

እንግዲህ ማካፈል እውነተኛውን መልስ ሊያስቀር፣ በራሱ ማባዛትም ሐሰተኛውን ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ከማካፈል በፊት «ዜሮ ቢሆንስ?» ብለን እንጠይቅ፤ ካባዛን በኋላም መልሳችንን መልሰን እንመርምር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስሁትን የለቀምሁት ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው።