ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፦ የመሄጃውና የመመለሻው ጊዜ ስለ ምን ይለያያል?



በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከዚያ የሚነሣው አውሮፕላን በመንገድ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባል። ከአዲስ አበባ የሚነሣው ግን አንድ ሰሞን በደብሊን፣ ሌላ ሰሞን በሎሜ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ጉዞውም 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጃል። ሰዓት ስል የበረራውን ቆይታ ማለቴ ነው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል እንደ ወቅቱ ያለው የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት ሌላ ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ርቀቱን እንያዝ። ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ራዲየስ እንዳላት ሉል ብንቆጥር፣ በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ብናሰምር መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታኒያ ያልፋል። በሉል ላይ ክር ብንወጥር ግን ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክን ይሻገራል። ዋሽንግተን በ39ኛው የሰሜን ኬክሮስ ላይ ሳለች፣ ክሩ በውቅያኖሱ ላይ እስከ 45ኛው ኬክሮስ ድረስ ይወጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። በእነዚያ ኬክሮሶች የላይኛው አየር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበርና ነፋሱ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ መሄጃው 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ መመለሻው 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል። ለተማሪዎቼ አንድ ነገር ልጨምር፦ ነፋሱ በደርሶ መልስ አይጣጣም። ሲሄዱ የሚጠፋው 45 ደቂቃ ሲሆን፣ ሲመለሱ የሚገኘው 41 ብቻ ነው።

ይህ ግን የአንድ ሰዓት ተኩልን ያህል ልዩነት እንጂ ማረፉን አያስረዳም። ዋናው ምክንያት ከእግራችን ሥር ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የዋሽንግተኑ ማረፊያ 95 ሜትር ብቻ። በእኛ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይሻል። ፍጥነቱ ደግሞ የማኮብኮቢያው ርዝመትና የጎማው አቅም ይወስኑታል። እንግዲህ ምርጫው የከበደ ነው፦ ወይ መንገደኛና ጭነት ይቀነሳል፣ ወይ ነዳጅ ተቀንሶ በመንገድ ይቀዳል። አየር መንገድ በባዶ ወንበር አይተዳደርምና ሁለተኛው ይመረጣል። ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ለታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ሥፍራ መመረጡ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትርጉም አለው።

ማረፊያው የት ይሁን? በካርታ ላይ ሎሜ ከመንገዱ ብዙም የራቀች አትመስልም፤ ደብሊን ግን ሩቅ ሰሜን ናት። ስሌቱ ተቃራኒውን ያሳያል። በደብሊን በኩል መንገዱ በ270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲረዝም፣ በሎሜ በኩል በ1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሎሜ የምትመረጥበት ጊዜ ቢኖር ምክንያቱ ጂኦሜትሪ አይደለም፤ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኛ እዚያ ይገኛልና ነው።