የንድፉ ብዙ መስመር፣ የቀለሙ አንድ መስመር

በምዕራብ አማን፣ መደብሮችና ካፌዎች በተደረደሩበት በስዌፍየህ ሰፈር፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የቤተ ክርስቲያን ወለል ሞዛይክ ተገኝቷል። የዛሬዋ ዮርዳኖስ በዚያ ዘመን ሞዛይክ በብዛት ከሚነጠፍባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። ኢየሩሳሌምን የሚያሳየው ዝነኛው የማደባ ካርታም የዚያው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በእንዲህ ያሉ ወለሎች ላይ ሰውም እንስሳም ቅርጹን የሚያገኘው ዙሪያውን ከሚከበው የጠቆረ ድንጋይ ረድፍ ነው። ልስኑ ከደረቀ በኋላ ያንን ረድፍ ማሻሻል የለም፤ ሠሪው የሚያመነታው ከዚያ በፊት ነው። በእስራኤል ሎድ ከተማ የተገኘውን የሮማውያን ዘመን ሞዛይክ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ከመሬት ሲያነሱት፣ ከሥሩ ባለው ልስን ላይ የጥንቶቹ ሠራተኞች የጫሩትን የንድፍ መስመርና የእግራቸውን ዱካ አገኙ። በጣሊያን ፒዛ ደግሞ በ1944 በጦርነት እሳት የተጎዱ የካምፖሳንቶ የግድግዳ ሥዕሎች ለማዳን ሲነቀሉ፣ ከሥራቸው በቀይ አፈር የተሠሩ ሰፋፊ ንድፎች ወጡ።

ዛሬ በእርሳስ ነድፎ በቀለም የሚያጠራ ሰዓሊ፣ የካርቱን ሠሪ ወይም የሥነ ሕንፃ ተማሪ የሚሠራው ከዚህ የተለየ አይደለም። እርሳሱ ለአንድ ክንድ አራትና አምስት መስመር ይሰጣል፤ ቀለሙ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ንድፍን በቀለም ማጥራት ከመገልበጥ ይልቅ ለመምረጥ ይቀርባል። ምርጫው እንዲሳካ ግን ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል፦ የእርሳሱንና የቀለሙን ባሕርይ፣ የእጅን እንቅስቃሴና የዓይንን አሠራር።

ሁለቱም ካርቦን፣ ጠባያቸው ለየቅል

የእርሳስ ልብ ግራፋይትና ሸክላ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ መተኮስን ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ በ1795 የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። ግራፋይት የካርቦን አቶሞች በስስ ንጣፍ ላይ ንጣፍ ሆነው የተደራረቡበት ማዕድን ነው። በአንዱ ንጣፍ ውስጥ ያሉት አቶሞች አጥብቀው ይያያዛሉ፤ ንጣፍ ከንጣፍ የሚያያዝበት ኃይል ግን ደካማ ነው። ወረቀቱ ሲፈገፍገው ንጣፎቹ እየተንሸራተቱ ይላቀቁና በወረቀቱ ቃጫዎች አናት ላይ ይቀራሉ። ወደ ውስጥ ስለማይሰርጉም ላጲስ ከወረቀቱ የበለጠ ይስባቸውና ያነሳቸዋል።

ጥቁር ቀለምም መሠረቱ ካርቦን ነው፤ ነገር ግን በጥላሸት መልክ ነው። የአገራችን ቁም ጸሓፊዎች ይህን ቀለም በእጃቸው ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ጥላሸቱ ይሰበሰባል፣ እህል እስኪከስል ይቆላል፣ ሁለቱ ከሙጫ ጋር ተወቅጠውና በውኃ ተበጥብጠው ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ደርቆ የተቀመጠውን ጸሓፊው በሚፈልግበት ሰዓት በውኃ ያሟሟና መሬት ላይ በተተከለ ቀንድ ውስጥ ያደርገዋል። ሙጫው ሁለት ሥራ ይሠራል። ቀለሙ ፈሳሽ ሳለ ረቂቆቹን የጥላሸት ብናኞች ከብቦ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይዘቅጡ ያደርጋል፤ ውኃው ሲተን ደግሞ ብናኞቹን ከሚጻፍበት ነገር ጋር ያጣብቃል። ካርቦን ብርሃንም አየርም በቀላሉ ስለማይለውጡት እንዲህ ያለው ቀለም ለዘመናት ሳይደበዝዝ ይኖራል። በአውሮፓ መካከለኛ ዘመን የተለመደው የብረት ጨው ቀለም ግን እየቆየ ቡናማ ይሆናል፤ አንዳንዴም የተጻፈበትን ገጽ ራሱን ይበላል።

ቀለሙ የሚያርፍበትም ነገር ለውጥ ያመጣል። ብራና ቆዳ ነው፤ ቀለም እንደ ወረቀት አይመጥም። ስለዚህ ጸሓፊው የተሳሳተውን በስለት ፍቆ በላዩ ሊጽፍ ይችላል። ወረቀት ላይ ግን ፈሳሹ በቃጫዎቹ መካከል ባሉ ቀጫጭን ክፍተቶች በራሱ ይሳባል፤ ብናኞቹንም ይዞ ይገባል። ዛሬ በገበያ ያሉ የሥዕል እስክርቢቶዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ብናኝ ያዘለ ቀለም ያላቸውና በውኃ የሚሟሟ ቀለም ያላቸው። ከላይ የውኃ ቀለም ለመቀባት ያሰበ የመጀመሪያውን ይምረጥ፤ የጃፓኑ ሳኩራ ኩባንያ በ1982 ያወጣው የፒግማ ቀለም የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ብሩሽ ሲነካው ይፈሳል፣ ፀሐይ ላይም ይደበዝዛል።

ግራፋይቱ ቀለሙን እንዳይከለክል

ግራፋይት ውኃ አይወድም። እርሳሱ በበዛበት ቦታ ቀለም ወረቀቱን ሳይነካ በግራፋይቱ ላይ ይቆማል፤ ላጲሱ ሲያልፍም አብሮ ይነሳል። ብዙ ጀማሪ ጥቁር የነበረው መስመር ከላጲስ በኋላ ግራጫ የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔው ንድፉን ሳያጠፉ ማሳሳት ነው። እንደ ሊጥ የሚታሸውን ለስላሳ ላጲስ ሳይፈገፍጉ ጫን ጫን እያደረጉ ሲያነሱት ትርፉ ግራፋይት ይነሳል፤ መምሪያ የሚሆን ደብዛዛ መስመር ይቀራል። እርሳሱ ራሱ ኤችቢ ቢሆንና እጅ ቢቀል ይመረጣል። በጣም ጠንካራ እርሳስ ወረቀቱን ያርሳል፤ ቀለሙም ከተፈለገው መስመር ወጥቶ በቦዩ ይፈሳል።

ሌላው መንገድ ንድፉን ከሥር አድርጎ አዲስ ወረቀት መደረብ ነው። ከሥር የሚበራ ጠረጴዛ ከሌለ ቀን የመስኮት መስታወት ይበቃል። ሦስተኛው ደግሞ በቀላል ሰማያዊ እርሳስ መንደፍ ነው። ይህ ከማተሚያ ቤት የመጣ ዘዴ ነው፦ ለኅትመት ያገለግል የነበረው ፊልም ሰማያዊን ብርሃን እንደ ነጭ ስለሚያየው ሰማያዊው ንድፍ ሳይጠፋም በኅትመቱ ላይ አይታይም ነበር። በኮምፒውተርም ያው ሕግ ይሠራል። በስካነር የገባው ሥዕል በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ተከፍሎ ይቀመጣል፤ ሰማያዊውን ክፍል ብቻ ብናስቀር ሰማያዊው መስመር ከነጩ ወረቀት ጋር ይመሳሰላል፤ ጥቁሩ ቀለም ብቻ ጎልቶ ይወጣል።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ከግራ ከላይ ጀምሮ ወደ ቀኝ ቢወርድ እጁ እርጥብ መስመር አይጠርግም፤ ግራኝ በተቃራኒው ይሂድ። ከፊት ያለው ነገር አስቀድሞ ይሠመር፤ ከኋላ ያለው መስመር የት እንደሚቆም የሚወስነው እርሱ ነውና። ቀለሙ ላይ ላዩን የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ላጲስ አይቸኮል። ሰፋፊ ጥቁር ቦታዎች የሚሞሉት ላጲሱ ካለፈ በኋላ ነው።

ቀስ ያለ እጅ ለምን ይንቀጠቀጣል

የጀማሪ መስመር የሚንቀጠቀጠው በፍርሃት ብቻ አይደለም። የማንኛውም ጤነኛ ሰው እጅ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል በጥቂቱ ይርገበገባል። ሒሳቡን እንሥራው። እጅ በሰከንድ 10 ጊዜ ቢርገበገብና መስመሩ በሰከንድ 1 ሴንቲ ሜትር ቢጓዝ፣ በየ1 ሚሊ ሜትሩ አንድ ትንሽ ሞገድ ይታተማል፤ መስመሩ የተጨማደደ ይመስላል። ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ያው ርግብግቢት በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ይዘረጋል፤ ዓይንም አይለየውም። እጁ ሳይቀየር መስመሩ ጠራ።

ታማር ፍላሽና ኔቪል ሆጋን በ1985 ባወጡት ጥናት፣ ሰው እጁን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ሲያደርስ አእምሮው ድንገተኛ መለዋወጥ ያነሰበትን ለስላሳ መንገድ እንደሚከተል በሒሳብ አሳይተዋል። በአንድ እንቅስቃሴ የተሠመረ መስመር የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። በአሥር ትናንሽ ጭረት የተቀጣጠለ መስመር ግን አሥር መነሻና አሥር መቆሚያ አለው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠሪ መነሻውንና መድረሻውን አስቀድሞ በዓይኑ ይይዛል፣ እስክርቢቶው ወረቀቱን ሳይነካ እንቅስቃሴውን አንድ ሁለቴ ይለማመዳል፣ ከዚያ ዓይኑን መድረሻው ላይ ጥሎ ይሠምራል። ረጅሙን መስመር ከትከሻ፣ አጭሩን ከጣት ያንቀሳቅሳል። ክንዱ ወደማይመቸው አቅጣጫ ከመታገል ይልቅም ወረቀቱን ያዞራል።

በቀለም እየተነከረ የሚሠራበት የብረት ብርዕ ሲሆን አቅጣጫውም ይጠናል። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ ቀለሙ በስንጥቁ ይወርዳል፤ ሲጫኑት ስንጥቁ ይከፈትና መስመሩ ይወፍራል። ወደ ራስ ሲጎትቱት ይህ ሁሉ በሥርዓት ይሆናል። ወደ ፊት ሲገፉት ግን ጫፉ ወረቀቱ ላይ ይሰካና ቀለሙን ይረጫል።

ውፍረቱ ለዓይን የሚናገረው

በተፈጥሮ ውስጥ በፊት ዙሪያ ጥቁር መስመር የለም። ታዲያ የመስመር ሥዕል ለምን ወዲያው ይገባናል? ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የድመትን አእምሮ ሲያጠኑ፣ በዕይታ ክፍሉ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት የተወሰነ ዝንባሌ ላለው ጠርዝ ወይም መስመር ብቻ ለይተው ምላሽ እንደሚሰጡ አገኙ፤ በ1981 ከተሰጠው የኖቤል ሽልማትም ተካፈሉ። አእምሮ ራሱ ዓለምን በጠርዝ ስለሚያነብ፣ ሰዓሊው ጠርዙን ብቻ ቢሰጠው ይበቃዋል።

ከዚህ ጠቃሚ ዘዴዎች ይወጣሉ። አንዱ መስመር ሌላው ላይ ደርሶ ሲቆም ዓይን የቆመውን ከኋላ፣ ያልቆመውን ከፊት አድርጎ ያያል። በመገናኛው ላይ ጥቂት ክፍተት መተው ርቀቱን ያጎላዋል። ወደ እኛ የቀረበውንና ጥላ ያለበትን ጎን ማወፈር፣ ብርሃን የሚመታውን ማቅጠን ቅርጹን ያነሳዋል። ሁሉም መስመር እኩል ከወፈረ ግን ዓይን የቱን እንደሚያስቀድም ያጣል።

ለኅትመት የሚሠራ ሰው ሥዕሉ ሲያንስ የሚሆነውንም ያስብ። የቴክኒክ እስክርቢቶዎች ውፍረት 0.18፣ 0.25፣ 0.35፣ 0.5፣ 0.7 ሚሊ ሜትር እያለ የሚሄደው በዘፈቀደ አይደለም፤ እያንዳንዱ ከቀዳሚው 1.4 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ኤ3 ወረቀት ወደ ኤ4 ሲያንስ ጎኑ የሚያንሰው በዚያው ልክ ነው፤ የ0.5 መስመር በትክክል የ0.35ን ቦታ ይይዛል። በስካነርም ቢሆን በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ሲነበብ የ0.25 ሚሊ ሜትር መስመር ወደ 6 ነጥብ ስፋት ያገኛል። በ150 ከተነበበ ከሁለት ነጥብ ያነሰ ይደርሰዋል፤ ጠርዙም ይሸራረፋል።

መጨረሻ የሚመጣው ጥቁር

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ሰዓሊው መጀመሪያ ይነድፋል፣ ቀጥሎ ቀለም ይሞላል፣ ጥቁሩን የዙሪያ መስመር የሚያወጣው በመጨረሻ ነው። ቀለሙ የመጀመሪያውን ንድፍ በከፊል ስለሚሸፍነው ዓይንን፣ ጣትን፣ የልብስን እጥፋት ዳግመኛ ማሰብ ግድ ይሆናል። የመጨረሻው መስመር የንድፉ ቅጂ ሊሆን የማይችለው ለዚህ ነው፤ ሰዓሊው ቅርጹን ካላወቀው አይወጣለትም።

ይህን ደረጃ መዝለል የሞከሩም አሉ። ዲዝኒ በ1961 ባወጣው «አንድ መቶ አንድ ዳልሜሽያን» ፊልም የሠሪዎቹን የእርሳስ ሥዕል በፎቶ ኮፒ ዘዴ በቀጥታ ወደ ግልጽ ፕላስቲክ አሳለፈ፤ በእጅ በቀለም የማጥራቱ ሥራ ቀረ። ወጪው ቀነሰ፤ ያልጠራው የእርሳስ መስመርም በፊልሙ ላይ ይታያል። በ2016 ደግሞ በጃፓን ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ኤድጋር ሲሞ ሴራና ባልደረቦቹ ሻካራ ንድፍን በራሱ የሚያጠራ ፕሮግራም አቀረቡ። ለማሠልጠኛ የሻካራና የጠራ ሥዕል ጥንዶች ያስፈልጓቸው ነበር። ሰዓሊ ንድፍ ሲያጠራ ግን መስመሩን ያዛውራል፣ ያልነበረ ይጨምራል፣ የነበረ ይጥላል፤ ጥንዶቹ አይገጥሙም። ስለዚህ ሥራውን ገለበጡት፦ የጠራውን ሥዕል ለሰዓሊዎች ሰጥተው በላዩ ሻካራ ንድፍ እንዲሠሩለት አደረጉ። በ68 ጥንዶች ብቻም አሠለጠኑት። ለተመራማሪዎቹ እንቅፋት የሆነው ነገር የሙያው ዋና ቁም ነገር ነው፤ ሰው ሲያጠራ ይወስናል።

የአርኪዮሎጂ ሠዓሊዎች ለዚህ ውሳኔ የጠራ ደንብ አላቸው። የሸክላ ስባሪን መጀመሪያ በእርሳስ ለክተው ይነድፋሉ፣ ከዚያ በቀለም ያጠራሉ። በእጃቸው ያለው ክፍል ያልተቋረጠ መስመር ያገኛል፤ በግምት የተሟላው በተቆራረጠ መስመር ይለያል። ተመልካቹ የታየውን ከታሰበው መለየት ይችላል። ማንኛውም ጀማሪ ከዚህ የሚወስደው ልምምድ አለ። እስክርቢቶ ከማንሳቱ በፊት በንድፉ ላይ ባለው እያንዳንዱ የተደራረበ መስመር ላይ ቆሞ «ይህ የምን ጠርዝ ነው? ከፊት ነው ከኋላ? የት ይቆማል?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ያገኘበትን በአንድ እንቅስቃሴ ይሠምር። መልስ ያጣበትን የተሻለ ብርዕ አያድነውም፤ ወደ እርሳሱ ይመለስና ነገሩን እንደገና ይይ።